ሃይማኖት በሥራ ቀን

የሰው ሃይማኖት የሚመዘነው በበዓል ቀን ነውን? ወይስ በሥራ ቀን? ይህ ጥያቄ ለካህናት ብቻ የተተወ አይደለም፤ በመሥሪያ ቤት ወንበር የተቀመጠውንም፥ በጥቍር ሰሌዳ ፊት የቆመውንም ይመለከታል።

አባቶቻችን ዓመቱን መጸው፥ በጋ፥ ጸደይ፥ ክረምት ብለው በአራት ከፈሉት። መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፥ ክረምትም ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቈጠራል። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ከነዚሁ ወቅቶች ጋር ስላዛመደው፥ ገበሬው በማሳው ያየውን ዝናምና ዘር፥ አበባና ፍሬ በቤተ ክርስቲያንም ሲዘመር ይሰማዋል። ነሐሴ 1 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲገባ የድኻው ጎተራ ወደ መራቈቱ ነው፤ ስለዚህ የባለጸጋው ጾምና የድኻው ረኃብ በአንድ ወር ይገናኛሉ። ጾመኛው ከማዕዱ ያስቀረውን ለተራበ እንዲሰጥ መታዘዙም ይህንኑ መገናኘት ፍሬ እንዲያፈራ ለማድረግ ነው።

ዛሬ ግን ኑሮው ተለውጧል። ለምሳሌ ያህል ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሰበታን እንመልከት። የእርሻ አገር በነበረው ስፍራ ፋብሪካዎች ቆመዋል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድም መድረሻው በርሷ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ክረምትና በጋ ልዩነታቸው ጥቂት ነው፤ የርሱ ወቅት የሚታወቀው በደመወዝና በቤት ኪራይ ቀን ነው። ታዲያ ማሳው ማሳሰቡን ሲተው ሃይማኖትን ምን ያሳስበናል?

አንዳንዶች ኑሮው ከተለወጠ ሥርዐቱም ይቅር ይላሉ። ሌሎችም ጾሙን ከጠበቅን ሌላው አይጠየቅም ይላሉ። ሁለቱም ስተዋል። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የገሠጸው ጾምን የተዉትን ሳይሆን፥ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ነበር።

የሁዳዴን 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚውል አንድ ሹም እናስብ። ከሰበታ የመጣች አንዲት መበለት ማመልከቻዋን ይዛ በፊቱ ትቆማለች፤ እርሱም «ነገ ተመለሽ» ይላታል። ይህ ለተናጋሪው ሁለት ቃል ነው፤ ለሰሚዋ ግን የልጆቿ የአንድ ቀን እንጀራ ለመኪና ሒሳብ መዋሉ ነው። ሹሙ ከወተትና ከቅቤ ጾሟል፤ በሰው ጊዜ ላይ ከመሠልጠን ግን አልጾመም።

ሹሙም የራሱ ሸክም እንዳለው መካድ አይገባም። ደመወዙ አይበቃውም፤ የልጆቹ ትምህርትና የቤቱ ኪራይ ያስጨንቁታል። ሃይማኖት ይህን ጭንቅ ከሰው ላይ አያነሣም። ነገር ግን ጾም ማለት እጅ ሊደርስበት የሚችለውን ነገር በፈቃድ መተው ነው። በማዕዱ ላይ የቀረበውን ምግብ አልፎ መሄድን የተማረ ሰው፥ በጠረጴዛው ላይ የቀረበለትን መማለጃም አልፎ ይሄድ ዘንድ ይጠበቅበታል። ይህን ካልቻለ ትምህርቱ ከሆዱ አልፎ ወደ እጁ አልደረሰም።

እዚያው ሰበታ ይህን በሥራ የሚያስረዱ ሁለት ቤቶች አሉ። አንደኛው በጌቴሴማኒ ስም የሚጠራው የሴቶች ገዳም ነው፤ በዚያ ጸሎትና ወላጅ ያጡትን ልጆች ማሳደግ አልተለያዩም። ሕፃን በበዓልም በጾምም ይርበዋልና። ሁለተኛው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። በብሬል ነጥብ ላይ የሕፃንን ጣት ይዞ አንዱን ፊደል ደጋግሞ የሚያስተምር መምህር ትዕግሥቱን ለአንድ ወቅት ብቻ ሊያውለው አይችልም፤ በሁዳዴም፥ በፋሲካም፥ ከዚያም በኋላ ያስፈልገዋልና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ወቅት ይፈራረቃል፤ ኑሮም ይለዋወጣል። የገበሬው ልጅ የፋብሪካ ሠራተኛ፥ የካህኑም ልጅ ጸሓፊ ይሆናል። ማሳው ባይኖርም በደጃችን የሚቆም ባለጉዳይ አይታጣም። ጾማችን የተወደደ መሆኑን ለማወቅ ብንሻ የበላነውንና ያልበላነውን ብቻ አንቍጠር፤ በዚያ ቀን ከፊታችን የቆመው ሰው ጉዳዩ ተፈጽሞለት ወይስ ተንገላቶ እንደ ተመለሰ እንመርምር።