በበሩ ላይ የማን ስም?

ኪልኬኒ ከቤተ መንግሥቷ ተነስታችሁ ቅዱስ ካኒስ ካቴድራል ድረስ በእግር የምትጨርሷት ትንሽ የአየርላንድ ከተማ ናት። ስትመሽ ግን ሌላ ናት። ከየመጠጥ ቤቱ ፊድልና ጭብጨባ ይሰማል፣ የማታውቁት ሰው ያቅፋችኋል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

ከመጠጥ ቤቶቹ አንዱ «ካይትለርስ ኢን» ይባላል። ስሙ የዴም አሊስ ካይትለር ነው፤ አራት ባል ያገባች ሀብታም ሴት። በ1324 የእንጀራ ልጆቿ ባሎቿን በመርዝና በጥንቆላ ጨረሰች ብለው ከሰሷት። ጳጳሱ ሪቻርድ ደ ሌድሬድም ነገሩን የመናፍቅነት ክስ አደረገው። አሊስ ገንዘብም ዘመድም ነበራትና አመለጠች። አገልጋይዋ ፔትሮኒላ ግን ተገርፋ ተናዘዘች፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 በእሳት ተቃጠለች። አብሮ የተከሰሰው የአሊስ ልጅ ዊልያምስ? ከቅጣቱ አንዱ የካቴድራሉን ጣሪያ በእርሳስ ብረት ማልበስ ነበር። ለአንዱ ጣሪያ፣ ለሌላዋ እሳት።

ታሪኩን በዋናነት የምናውቀው ከጳጳሱ ወገን ከተጻፈ ዘገባ ነው። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ሎጉን የጻፈው ራሱ ከሳሹ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሎግ ይዤ ስህተት ፈልግ ብባል መጀመሪያ የምጠራጠረው ሎጉን ነው። በጅራፍ የወጣን ኑዛዜማ ተዉት።

ታዲያ እዚያ ቤት ቢራ መጠጣት ነውር ነው? አይመስለኝም። ሰው የሞተበት ቦታ ሁሉ አይጨፈር ከተባለ በየትኛውም ከተማ የምንቀመጥበት አይኖርም። ግን «ሰባት መቶ ዓመት አለፈው እኮ» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። ጊዜ አልቃሾቹን ነው የሚጨርሰው፤ በደሉ እንደሆነ ያው ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ጭፈራው ሳይሆን ስሙ ነው። ያመለጠችው እመቤት በሩ ላይ ተጻፈች፣ የተቃጠለችው አገልጋይ ግን የአስጎብኚ ወሬ ማሟያ ሆነች። ይህን ያልኩት አንድ ጓደኛዬ «እሺ፣ ፔትሮኒላ ቢባልስ ይሻላል?» አለኝ። አይሻልም። በተቃጠለች ሴት ስም ቢራ መሸጥ ጭራሽ ይብሳል። ዝም ማለትም መልስ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ጁዲ ቺካጎ በ1979 ባጠናቀቀችው ትልቅ የማዕድ ሥራ ውስጥ ለ39 ሴቶች ቦታ ስታዘጋጅ አንዱን ለፔትሮኒላ ሰጥታለች። ስታገለግል የኖረች ሴት፣ ከንግሥቶች ጋር ገበታ ቀረበላት። ይህ ከበር ላይ ጽሑፍ የተሻለ ይመስለኛል፤ ከሞቷ የሚሸጥ ነገር የለማ።

አሊስን ጥላት ሄደች ብሎ መውቀስ ደግሞ ቀላል ነው። እኔም ልወቅሳት ነበር። ግን ስትሸሽ ባሲሊያ የምትባለውን የፔትሮኒላን ልጅ ይዛ እንደሄደች ይነገራል። እናትየው ቀረች፣ ልጅቷ ዳነች። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የበሩን ስም ሳስብ ማን ላይ እንደምናደድ ግራ ይገባኛል።