ጴጥሮስ ከማዕድ ሲነሣ

“የዳናችሁት በምንድን ነው?” ብትባሉ “በጸጋ” ለማለት አትዘገዩም። ሐዋርያው ጴጥሮስም አይዘገይም ነበር። እንግዲያው ጥያቄውን እንለውጠው፤ የምትበሉት ከማን ጋር ነው?

በገላትያ 2 ያለውን ታሪክ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቦታው የሶርያዋ አንጾኪያ ነው፤ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት ከተማ። ጴጥሮስ በዚያ ካልተገረዙ አማኞች ጋር ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ወደ ኋላ እያለ ራሱን ለየ። ሌሎቹ አይሁድም ተከተሉት፤ በርናባስ እንኳ አልቀረም። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው።

ጴጥሮስ ትምህርቱን ለወጠ አልተባለም። ጳውሎስ የከሰሰው በግብዝነት ነው። ይህ ሰው እኮ በቆርኔሌዎስ ቤት መንፈስ ቅዱስ ባልተገረዙት ላይ ሲወርድ በዓይኑ ያየ፣ በኢየሩሳሌም ከእነርሱ ጋር ስለ መብላቱ ሲሟገቱት አንድ በአንድ ያስረዳ ነው። በአንጾኪያ የለወጠው መቀመጫውን ብቻ ነው። ምክንያቱን ጳውሎስ ነግሮናል፤ ፈራ።

አሁን በማዕዱ የቀረውን ሰው አስቡት። “አልዳንህም” ያለው የለም። ያየው ባዶ ቦታ ነው። ከአንድ ገበታ ለምንበላ ለእኛ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም፤ አብሮን ሲበላ የነበረ ሰው እንግዳ ሲገባ እጁን ቢሰበስብ ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። ያ ሰው “ክርስቶስ ይበቃል ብለውኝ ነበር፤ ለካ ለሰማይ እንጂ ለዚህ ማዕድ አይበቃም” ብሎ ቢያስብ ትፈርዱበታላችሁ? ቀጥሎ ሊገረዝ ቢሄድስ? ጳውሎስ ጴጥሮስን አሕዛብን ታስገድዳለህ ያለው ለዚህ ነው። ያስገደዳቸው አፉን ሳይከፍት፣ ተነሥቶ በመሄድ ነው።

ሕጉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ጳውሎስ ራሱ በሮሜ 7 ቅዱስ ይለዋል፤ በገላትያ 3 ደግሞ ሞግዚት። በዚያ ዘመን ሞግዚት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስና ጠባዩን የሚጠብቅ ባሪያ ነበር። ጥሩ ሞግዚት ብዙ ይጠቅማል። ነገር ግን ልጁን ልጅ ያደረገው እርሱ አይደለም፤ ልጁ ቢያጠፋም ከልጅነቱ ሊያወጣው አይችልም።

“ጸጋ ከበዛ ወጣቱ መረን ይወጣል” የሚሉ መሪዎች አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም፤ ጳውሎስም በሮሜ 6 ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ መልሷል። ግን ፍርሃት ምን እንደሚያፈራ በአንጾኪያ አየን፤ መደበቅን። ወር ሙሉ ያልጸለየ ልጅ “እንዴት ሰነበትህ?” ሲባል “ጌታ ይመስገን” ብሎ የሚያልፈው ለምን ይመስላችኋል?

ወደ እኛው ግቢ እንምጣ። አንዲት እኅት ሳታገባ ወለደች እንበል። ተግሣጽ ተሰጣት፣ ንስሐ ገባች፣ ሽማግሌዎችም በጉባኤ ፊት መልሰው ተቀበሏት፤ ሁላችንም “አሜን” አልን። ከፕሮግራም በኋላ ሻይ ሲቀርብ ልጇን ታቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበሩት አንዱ ስልክ ሊያነሣ፣ አንዷ ሰው ልታገኝ እያሉ ተነሡ። ክፉ ቃል የተናገራት የለም። ወላጆቻችሁ ከወዲያ ማዶ ቆመው ያያሉ፤ አብራችኋት ብትቀመጡ ቤት ስትገቡ ምን እንደሚሏችሁ ታውቃላችሁ። አግዳሚው ላይ ለሦስት ሰው የሚሆን ቦታ አለ።