«እኛ» የምንለው ማንን ነው?



አንድ ቅዳሜ ማታ እዚሁ ገፈርሳ፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ በዲሽ በሚታይበት ቤት፣ ሁለት የማኅበራችን ልጆች ክፉኛ ተሰዳደቡ። አንዱ የአርሴናል፣ ሌላው የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው። በማግሥቱ ለመዝሙር ጎን ለጎን ቢቆሙም ሰላም አልተባባሉም። ይህን የምንጽፈው እኛም ሲሰዳደቡ እየሳቅን ተመልክተናልና ከወቀሳው ነጻ አይደለንም። ለመሆኑ ሰው በአካል አይቶት ለማያውቀው ቡድን ብሎ የቅርብ ወንድሙን እስከ መጥላት የሚያደርሰው ምንድን ነው?

ደጋፊነትን በጅምላ መናቅ አይገባም። ሰው ብቻውን ሊኖር አልተፈጠረምና «እኛ» የሚለው ቃል ያስፈልገዋል። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በጠላት ወረራ ዘመን ለደጋፊዎቹ ከኳስ በላይ የአገር ክብር ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድናቸው ባሸነፈ ማግሥት የትምህርት ቤታቸውን ስም የያዘ ልብስ አብዝተው እንደሚለብሱ፣ ሲያሸንፍ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፍ ግን «ተሸነፉ» ማለት እንደሚቀናቸው አሳይቷል። የሌላው ድል የተውሶ ካባ ሆነ ማለት ነው። ሥራ አጥቶ የሚውል፣ ማንም ስሙን ጠርቶ የማይፈልገው ወጣት ይህን ካባ ለ90 ደቂቃ ቢደርብ መኰነኑ ቀላል ነው፤ ግን የራሱ የሆነ ካባ ማን ሰጠው?

ይሁንና በተውሶ ክብር የቆመ ሰው ክብሩ እንዳይወሰድበት ይፈራል፤ ፍርሃቱም ቍጣ ይሆናል። በቍስጥንጥንያ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ399 ምእመናን ቤተ ክርስቲያንን ትተው ወደ ሠረገላ እሽቅድምድም መሮጣቸውን ገሥጾ ነበር። በ532 በዚያችው ከተማ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ ደጋፊዎች ጠብ የተነሣው ሁከት አመፅ ሆነ፤ ወታደሮችም በእሽቅድምድሙ ሜዳ ከ30,000 በላይ ሰው እንደ ፈጁ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። የእኛ ስድብ ከዚያ ጋር አይተካከልም፤ ሥሩ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር እናስተውል። ኳስ ያለ ተጋጣሚ አይካሄድም። አርሴናል ብቻውን ሜዳ ቢገባ ማን ያየዋል? ስለዚህ ተጋጣሚውን የሚጠላ ሰው ጨዋታውን ራሱን ይጠላል። «እኛ» ማለታችንም የሚመዘነው ጎል ሲገባ በምናሰማው ጩኸት ሳይሆን፣ ከተሸነፈው ጓደኛችን ጋር ወደ ቤት በምንመለስበት መንገድ ነው። ማኅበራችንም ብትሆን ቅዳሜ የሚደምቀውን ያን ወጣት በሌላው ቀን ስሙን ጠርታ ታስበው፤ ያለዚያ ኳሱን መውቀስ አይቻላትም።

መጪው ቅዳሜ ጨዋታ አለ። አብረን እንግባ፤ ማንም ቢያሸንፍ አብረን እንውጣ፤ እሑድ ጠዋትም ሰላም እንባባል።