በዓልና ፈቃድ

ቀኑን መንግሥት ያልቆረጠው በዓል የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል? ስለ አደባባይ ዝግጅቶች ደንብ የሚያወጣ ወይም የቆየውን የሚያሻሽል ከተማ ሁሉ ይህን ጥያቄ ዘሎ ማለፍ አይችልም። በደባርቅ፣ በዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ከተሞች ጥያቄው በየዓመቱ ጥር 10 ቀን መንገድ ላይ ይወጣል። ታቦታት ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ወጣቶች ምንጣፍ ከፊት ያነጥፋሉ፤ ካህናቱ ካለፉበት በኋላ ጠቅልለው፣ በትከሻ ተሸክመው፣ ሮጠው እንደገና ከፊት ይዘረጉታል። ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚወስደው ጎዳና በሁለቱም ከተሞች መካከል ስለሚያልፍ ባጃጁም አይሱዙውም ቆሞ ያሳልፋል። የሚካኤል ታቦት ባለበት ደግሞ መግቢያው ጥር 12 ነው። የፈቃድ ወረቀት አሳዩኝ የሚል የለም።

ደባርቅ ግን ለፈቃድ እንግዳ አይደለችም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚያው ነው፤ ጎብኚ መግቢያውን ከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አስከትሎ ወደ ተራራው ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዋልያውና ግጦሹ ይጎዳሉ፤ ፓርኩም ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ቆይቷል። የአደባባይ ፈቃድ ምን ከምን እንደሚጠብቅ ግን ይህን ያህል ተብራርቶ አያውቅም።

በነሐሴ 1983 የወጣው የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይለወጥ ማለት ይችላል፤ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ፈጽሞ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። በአሠራር ማሳወቁ ወደ ማስፈቀድ ተለውጧል፤ ዝምታም እንደ ክልከላ ተቆጥሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 30 ደግሞ ስለ ቦታና መስመር ሥርዓት ማውጣትን ይፈቅዳል። ስለዚህ ሹም ስለ መንገዱ እንጂ ስለ በዓሉ አይጠየቅም።

በዚሁ አገር ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ የነበረበት ዘመን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም፣ ተሸናፊው ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ሲጭኑ የሥልጣን ማረጋገጫ የፈለገው ንጉሡ ነበር፤ የሰጠው ደግሞ መቅደሱ።

ከባዱ ነገር ልማድ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነው። ጥምቀት አሮጌ ነው፤ ስለዚህ አይጠይቅም። የሙስሊሙ የኢድ ሰላት ሜዳ፣ የፕሮቴስታንቱ የአደባባይ ጉባኤ ግን ብዙ ጊዜ ማመልከቻ፣ ማኅተምና ምልልስ ይጠይቃል። ልማድን ብቻ የሚያከብር ደንብ የብዙኃኑን በዓል እንደ አየር ጠባይ ተቀብሎ የሌላውን «ዝግጅት» ያደርገዋል። ሁሉን በእኩል ማስፈቀድም ፍትሕ አይመስልም፤ በሺህ ዓመት ያልተጠየቀን አሁን ጠይቅ ማለት በራሱ ጣልቃ መግባት ነው። የሚሻለው ሁሉም እንዲያሳውቅ፣ ማንም እንዳያስፈቅድ ማድረግ ነው፤ በየዓመቱ ለሚመለስ በዓል አንድ የተመዘገበ ሰሌዳ ይበቃል፤ ቦታውም ለሌላ አገልግሎት እንዳይወሰድ ይጠበቃል። በ2012 በኮሮና ሳቢያ የአዲስ አበባ አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር የጥምቀት ሜዳ ገበያ ሆነ፤ እስከ 2013 ጥምቀት ለመልቀቅም ብዙ አነጋግሯል።

ሰሌዳውም ሁሉን አይፈታም። የሒጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር የእስልምና በዓላት ከአንድ ወቅት ወደ ሌላ ይዞራሉ፤ መስከረም 16 ቀን 2016 መውሊድና ደመራ በአንድ ቀን ውለዋል። እንዲህ ባለ ቀን አንዱ ጎዳና ጠዋት ለማን፣ ማታ ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ ካልተጻፈ ውሳኔው በዕለቱ ለተመደበው ትራፊክ ፖሊስና ለአገር ሽማግሌዎች ይቀራል።