ራስን ማወቅና በተሰጠን ጸጋ መሥራት

በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው ንፋስ ስልክ ስሙን የወረሰው ያለ ሽቦ በአየር ላይ መልእክት ከሚያስተላልፈው መሣሪያ ነው። የዚህ መሣሪያ ጠባይ የታወቀ ነው፤ ይኸውም በአየሩ ላይ ብዙ ድምፅ ቢመላለስም፥ ከተላከለት ሞገድ ጋራ ካልተስማማ በቀር የሚቀበለው ጫጫታ ብቻ ነው። የሰውም ልብ እንደዚሁ ነው። የጎረቤት አስተያየት፥ የዘመድ ምኞት፥ የገበያው ጥሪ በየቀኑ ይመላለሱበታል፤ ነገር ግን «እኔ ማን ነኝ? የተሰጠኝስ ምንድር ነው?» ብሎ ጸጥ ባለ ኅሊና የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ የምንመለከተውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ራስን ማወቅ ጥበብ መሆኑን የጥንት የግሪክ ፈላስፎችም አስተምረዋል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ከዚያ አልፎ፥ ሰው በአንድ ወገን ከምድር አፈር የተገኘ፥ በሌላው ወገን በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ መሆኑን እንዲያስብ ያስተምረዋል። አፈርነቱን የረሳ ይታበያል፤ አርአያነቱን የረሳ ተስፋ ይቈርጣል። ትዕቢተኛው የሌለውን «አለኝ» ይላል፤ ተስፋ የቈረጠውም ያለውን «የለኝም» ይላል፤ ሁለቱም በራሳቸው ላይ ሐሰት ይመሰክራሉ። እንግዲህ ራስን ማወቅ ማለት ራስን ማሞገስም ራስን መናቅም ሳይሆን፥ በእግዚአብሔር ፊት እውነተኛ ሒሳብ ማድረግ ነው።

ይህ ሒሳብ ለሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከቅዱስ ዳዊት እንማራለን። ጎልያድን ሊዋጋ በተነሣ ጊዜ ንጉሥ ሳኦል የራሱን ጥሩር አለበሰው፤ የናስ ቍርም ደፋለት። መሣሪያው የንጉሥ ነው፤ የክብርም ልብስ ነው። ዳዊት ግን ለብሶት ሊራመድ ሞክሮ እንዳልለመደው ባየ ጊዜ አወለቀው፤ ከወንዝም 5 ድንጋይ መርጦ በእረኝነቱ ዘመን እጁ በለመደው በወንጭፉ ወጣ። ንጉሡን ለማስደሰት ብሎ ያን ጥሩር እንደ ለበሰ ቢቀር ኖሮ፥ ገና ሳይዋጋ በክብደቱ በተሸነፈ ነበር። ዛሬስ በስንቱ ቤት የሳኦል ጥሩር ተሰቅሎ ይኖራል! አባት ያልደረሰበትን ማዕርግ ልጁ እንዲደርስለት ይመኛል፤ እናት የጎረቤት ልጅ ሐኪም ስለ ሆነ የእርሷም ልጅ ሐኪም እንዲሆን ታስገድዳለች። ልጁም ያልተሰፋለትን ልብስ ለብሶ በመንገዱ ሁሉ ሲደናቀፍ ይኖራል።

ነገር ግን አንድ ሰው «እንግዲያስ የከበደኝን ሁሉ የእኔ ጸጋ አይደለም ብዬ ልተወው» ይል ይሆናል። ይህ ስንፍናን በጥበብ ስም መሸፈን ነው። ዳዊት ጥሩሩን ያወለቀው ከሞከረው በኋላ ነው እንጂ ከሩቅ አይቶ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድም በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፥ መምህሩም አጎቱ ጌዴዎን ስለ ገረፈው ሸሽቶ እንደ ሄደ ይተረካል። በመንገድም ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ ደጋግሞ ሲሞክር፥ ደጋግሞ ሲወድቅ፥ በመጨረሻም ሲወጣ አየ። ከዚያም ተጽናንቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የምታመሰግንበትን ዜማ፥ ድጓውንና ጾመ ድጓውን ያገኘችው ከዚህ በትምህርት ደካማ ተብሎ ከነበረው ልጅ ነው። ያሬድ በዚያ ቀን ሸሽቶ ቢቀር ኖሮ፥ የተሰጠውን ጸጋ እርሱም ባላወቀው፥ እኛም ባልሰማነው ነበር።

ይህን የምንናገረው ብዙ ወጣቶች በኀዘን ላይ ስላሉ ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጸ ጊዜ፥ 900 ሺህ ያህል ከነበሩት ተፈታኞች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ምን ይባሉ? ፈተና ሰው በአንድ ሰሞን በወረቀት ላይ የጻፈውን ይመዝናል እንጂ ሰውየው የተፈጠረበትን ምክንያት አይመዝንም። ለአንዱ ያ ውድቀት የያሬድ ትል ነው፤ ተመልሶ ሊማር ይገባዋል። ለሌላው የሳኦል ጥሩር ነው፤ አውልቆ ወንጭፉን ሊፈልግ ይገባዋል።

ታዲያ ሁለቱ በምን ይለያሉ? አንደኛ፥ ሰው ማታ ማታ ከጸሎቱ በኋላ ውሎውን ይመርምር፤ የደከመው ሥራው ከብዶት ነው ወይስ ሳይተጋ ቀርቶ? ሁለተኛ፥ ፍሬውን ይመልከት፤ ከእጁ ሥራ ባልንጀራው የተጠቀመው በየትኛው ነው? ሦስተኛ፥ ዐይን ሌላውን እንጂ ራሱን አያይምና፥ ለነፍስ አባቱና እውነቱን ለሚነግረው ወዳጁ ልቡን ይግለጥ። ንስሓ ኃጢአትን ብቻ ሳይሆን የተቀበረ መክሊትንም ታወጣለች።

ወንጭፍ ከጥሩር ያነሰ መስሎ ስለሚታይ የሚያፍርበት ብዙ ነው። በአገራችን ቀጥቃጩና ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋም ለረጅም ዘመን ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ንቀቱ ግን ከልባችን ፈጽሞ አልወጣም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ብረት መበየድ የሚማረው ወጣት፥ በቄራ ሌሊት የሚሠራው፥ በጀሞና በለቡ ልብስ የሚሰፋውና እንጀራ የምትጋግረው እናት በታማኝነት ከሠሩ የሚያፍሩበት ምክንያት የለም። ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ ጌታችንም የጠራቢ ልጅ ተብሎ መጠራትን አልናቀም።

በመክሊቱ ምሳሌ 5 የተቀበለውና 2 የተቀበለው አገልጋይ ከጌታቸው ያገኙት ምስጋና አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ እንበል። ባለ 2ቱ «ስለ ምን 5 አልተሰጠኝም?» ተብሎ አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው በ2ቱ ምን እንዳደረገ ነው። የተፈረደበትም ባለ 1ዱ ነው፤ እርሱም ያነሰ ስለ ተሰጠው ሳይሆን ስለ ቀበረው ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን የእናንተን ጥሩር ከማልበሳችሁ በፊት ቁመታቸውን ለኩ። ወጣቶች ሆይ፥ በአንድ ውድቀት ራሳችሁን አትፍረዱበት፤ ሳትሞክሩም «አልችልም» አትበሉ። ሁላችንም የተሰጠንን አውቀን፥ በተሰጠን ሠርተን፥ በሠራነው ባልንጀራችንን ጠቅመን ለመገኘት አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።