የዳኛ ያለፈ ወገንነትና የተረታው ሰው ልብ

ፍርድ በሌለበት ሀገር ሰላም አይኖርም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ይናገረዋል። ነገር ግን ፍርድ ማለት ዳኛው ከወንበሩ ላይ ሆኖ የሚያነበው ቃል ብቻ እንዳልሆነ፥ ቃሉን የሚሰማው ሰው ልብም የፍርዱ ክፍል እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። አንድ ሰው ለዳኝነት ታጭቶ ሳለ፥ ከዚያ አስቀድሞ ለአንድ የፖለቲካ ፓርቲ ገንዘብ ማዋጣቱ ቢታወቅ፥ ወንበሩን ሊከለከል ይገባዋልን? ወይስ ያለፈው አልፏል ተብሎ ሊሾም ይገባዋል?

ይህ ጥያቄ በታላላቅ ከተሞች የሚኖሩ የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ከስሜን ተራራ ግርጌ፥ በዳባትና በደባርቅ ከሚኖረው ገበሬ ወገን ቆመን ልናየው እንወድዳለን። ስለ እርሻው ድንበር ለመሟገት ወደ ደባርቅ የሚመጣ ሰው ስንቁን ቋጥሮ፥ ሥራውን ፈትቶ፥ ምስክሮቹን ለምኖ ነው የሚመጣው። ከሁለቱ ተሟጋቾች አንዱ ረትቶ ሲመለስ ሌላው ተረትቶ ይመለሳል። የረታው ሰው ዳኛው ከማን ወገን እንደ ነበረ አይመረምርም፤ ደስታው ጥያቄውን ያስረሳዋል። የሚመረምረው የተረታው ነው። አባቶቻችን፥ ‹‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ›› ይሉ የነበረው ይህን አይተው ነው። ሰው በቅሎውን የሚያህል ሀብት በፍርድ ቢያጣ ይችለዋል፤ አንዲት ጭብጦ ያለ ፍርድ ብትወሰድበት ግን ቁጭቱ ከልቡ አይወጣም። እንግዲህ የፍርድ ቤት ጽናት የሚመዘነው በረታው ሰው ደስታ አይደለም፤ በተረታው ሰው ልብ ነው። የያዝነውንም ጥያቄ በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው ይገባናል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ችኩል መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው፥ ያለፈው አልፏል፥ ሰው ሲሾም አዲስ ሰው ይሆናል የሚል ነው። ይህ መልስ የሰውን ጠባይ ይዘነጋል። ስጦታ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ያስራል፤ ችግኝ ውኃ ሲያጠጣ የኖረ ሰው ዛፉ ሲቆረጥ ማዘኑ አይቀርምና። ሁለተኛው መልስ፥ አንድ ጊዜ ወገን የያዘ ሰው እስኪሞት ድረስ ወገንተኛ ነው የሚል ነው። ይህም ደግሞ ወዴት እንደሚያደርሰን እንመልከት። ከቶ ወገን ያልያዘ ሰው ፈልገን ብንነሣ የምናገኘው ወይ ስለ ሀገሩ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ ያላሰበውን፥ ወይም አሳቡን ሰውሮ የኖረውን ነው። የመጀመሪያው ለዳኝነት አይበቃም፤ ሁለተኛውም ይልቁን የሚያስፈራ ነው።

ከዚህም በላይ መስጠት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወንበር ለማግኘት ብሎ የሚሰጥ አለ፤ ይህ ጉቦ ነው፥ ስሙን ብንለውጠውም ግብሩ አይለወጥም። በእምነቱ፥ ለሀገር ይበጃል ብሎ የሚሰጥ አለ። ፈርቶ የሚሰጥም አለ። በሀገራችን ከ1983 እስከ 2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ገዥ ፓርቲ ሆኖ በኖረበት ዘመን የአባልነት መዋጮ የከፈለው ሁሉ በፍቅር የከፈለ አልነበረም፤ እንጀራውን ለመጠበቅ የከፈለም ነበረ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ሰላማዊ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ ደግሞ፥ ከቤቱ እህል አውጥቶ ለተዋጊዎች የሰጠ ሰው የፓርቲ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ አልተቀበለም፤ የሰጠው ስለ ልጆቹና ስለ ቤቱ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ልጆች አንዱ ነገ ዳኛ ቢሆን፥ ‹‹ሰጥቷል›› የሚለው አንድ ቃል ብቻውን ስለ እርሱ የሚነግረን ጥቂት ነው። ነገር ግን ከዚያው ጦርነት የተነሣ ክርክር በፊቱ ቢቀርብ፥ ከማዶ የቆመው ተከራካሪ ይህን ነገር የማወቅ መብት የለውም ልንል አንችልም። ችግሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ስጦታና ሹመት የተገናኙበት አንድ ታላቅ ታሪክ በዚሁ በስሜን ምድር ተፈጽሟል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የስሜንና የትግሬ ገዥ በነበሩበት ዘመን፥ መልእክተኞች ወደ ግብጽ ልከው አቡነ ሰላማን በ1830ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አስመጡ። ውቤ ከራስ ዓሊ ጋር በደብረ ታቦር በተዋጉ ጊዜም ጳጳሱ በውቤ ወገን ነበሩ። የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን በደረስጌ ጦርነት ድል ነሥተው ማረኳቸው፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፥ ውቤ ያስመጧቸው ጳጳስ ካሣን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

አቡነ ሰላማ በዚህ ቀን የተቀመጡት በዳኝነት ወንበር አልነበረም፤ ስጦታውም የመጣው ከገዥው ወደ እርሳቸው እንጂ ከእርሳቸው ወደ ገዥው አልነበረም። ቢሆንም ታሪኩ ለጥያቄያችን ትልቅ ብርሃን ይሰጣል። የውቤ ወገን የሆነ ሰው ይህን ሥራ ውለታ መርሳት ሊለው ይችላል፤ የካሣ ወገን የሆነ ሰው ደግሞ ሹመት በወርቅ እንዳልተገዛ ማስረጃ ነው ሊል ይችላል። ጳጳሱ አስቀድሞ ከካሣ ጋር ተስማምተው ስለ ነበረ፥ ሦስተኛው ሰው ተነሥቶ ነገሩ የኃይል ሚዛን ነው ቢልም አፉን የሚያስይዘው የለም። ሥራው አንድ ሲሆን ስሙ ሦስት ሆነ። ከዚህ የምንማረው፥ የቀድሞ ስጦታ የሰውን የኋላ ሥራ በእርግጥ የሚያስታውቅ ምልክት አለመሆኑን ነው፤ ደግሞም የተመልካቹ ወገንነት ከተመዛኙ ወገንነት ባላነሰ ሚዛኑን እንደሚያዘነብል ነው።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ለፌዴራል ዳኝነት የሚታጭ ሰው በሴኔቱ የሕግ ኮሚቴ ፊት ያለፈውን የፖለቲካ ተሳትፎውን እንዲገልጽ ይጠየቃል፤ ለፌዴራል ምርጫ ተወዳዳሪ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስምም በአደባባይ መዝገብ ይገኛል። መዝገቡ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን አንዱ ፓርቲ የሌላውን እጩ ለመክሰስ መዝገቡን ይገልጠዋል፥ የራሱ እጩ ሲቀርብ ግን ይከድነዋል። በ2015 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ በኒው ዮርክ በተከሰሱ ጊዜ፥ ነገሩን ያዩት ዳኛ ጁዋን መርቻን በ2012 ዓ.ም. በጠቅላላው 35 ዶላር ለዴሞክራቶች ወገን መስጠታቸው ብዙ ሙግት አስነሣ። የዳኞችን ሥነ ምግባር የሚመለከተው አማካሪ ኮሚቴ ገንዘቡ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ከነገሩ ለመነሣት እንደማያስገድዳቸው አስታወቀ፤ ነገር ግን በሥራ ላይ ያለ ዳኛ እንዲህ መስጠት ስለማይፈቀድለት ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። 35 ዶላር ለአንድ ዳኛ ምንም አይደለም። ለተረታው ወገን ግን ጥርጣሬውን የሚሰቅልበት ችንካር ሆነለት። ችንካሩ ትንሽ መሆኑ የተሰቀለበትን ሸክም አያቀልለውም።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ1990ዎቹ ዓመታት ዳኛ ሳሉ፥ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስየ አብርሃ በዋስ እንዲወጡ ፈቀዱ፤ አቶ ስየ ግን ወዲያው እንደገና ተያዙ። ከዚያ በኋላ ወይዘሪት ብርቱካን ወደ ፖለቲካ ገብተው ታሰሩ፥ ተፈቱ፥ የአንድነት ፓርቲ መሪም ሆኑ፤ አቶ ስየም ከእስር ከወጡ በኋላ ወደዚያው ፓርቲ ገቡ። ተጠራጣሪ ሰው ይህን ከኋላ ወደ ፊት እያነበበ፥ ‹‹ያን ጊዜም ወገን ነበረች›› ሊል ይችላል። እኛ ግን ዋስትናው የተፈቀደው ፓርቲው ከመመሥረቱ ከብዙ ዓመት በፊት መሆኑን እናስተውላለን። ኋላ የሆነውን ቀድሞ ለተሠራው ምክንያት ማድረግ ፍርድ አይደለም፥ ወሬ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ሲሾሙም፥ የፓርቲ መሪ የነበረ ሰው በፓርቲዎች መካከል ሊዳኝ ይችላልን? የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው ተገቢ ነበረ፤ ነገር ግን ነገሩን ያቀለለው አንድ ነገር ነበረ። ያለፈ ታሪካቸው የታወቀ እንጂ የተሰወረ አልነበረም። የወደዳቸውም የጠረጠራቸውም ሁሉ ከምን ተነሥቶ እንደሚመዝናቸው ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የሚፈታበት ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለናል። ኃጢአቱ ቀድሞ መስጠቱ ሳይሆን መሰወሩ ነው። የተገለጠ ነገር ተመርምሮ ያልቃል፤ የተሰወረ ነገር በተገኘ ቀን ግን ወደ ኋላ ይመለስና ያ ዳኛ የፈረደውን ሁሉ ይበክላል። በዚያ ቀን የተረቱት ሁሉ፥ በእውነት የተረቱትም ጭምር፥ ‹‹ለካስ እንዲህ ነበር!›› ይላሉ።

ስለዚህ ሦስት ወገኖች ሦስት ግዴታ አለባቸው። መጀመሪያ፥ ታጩው ሳይጠየቅ ያለፈውን መናገር ይገባዋል፤ ከተሾመም በኋላ ማሰሪያውን መቁረጥ፥ ያ ፓርቲ ባለጉዳይ በሆነበት ነገር ከወንበሩ መነሣት ይገባዋል። ሕጋችን የፓርቲ አባል የሆነ ሰው በዳኝነት እንዳይቀመጥ ይከለክላል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 79 ዳኛን ከሕግ በቀር ሌላ ጌታ አልሰጠውም። ሕጉ የሚቆርጠው ግን የአባልነት መታወቂያን ነው፤ የልብን ገመድ የሚቆርጠው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ሁለተኛ፥ ዳኛን የሚያጩና የሚሾሙ ሁሉ አንዱን ጥያቄ ለሁሉም በእኩል መጠየቅ ይገባቸዋል። ለገዥው ፓርቲ ያዋጣውን ‹‹ሀገር ወዳድ››፥ ለተቃዋሚው ያዋጣውን ‹‹ወገንተኛ›› የሚል መርማሪ፥ ዳኛን ሳይሆን ሎሌን ይመርጣል። ‹‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል›› የሚለው ክፉ ተረት በአፋችን የኖረው፥ ሹመትን የውለታ መክፈያ ስላደረግነው አይደለምን?

ሦስተኛው ግዴታ የእኛ የሕዝቡ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ስለ አንድ ታጩ ክፉ ወሬ ስንሰማ፥ የሰጠው ለእኔ ወገን ቢሆን ኖሮ ይህን እል ነበርን? ብለን ራሳችንን መጠየቅ አለብን። መልሱ ‹‹አልልም ነበር›› ከሆነ፥ እኛ የፈለግነው ፍርድን አይደለም፤ የራሳችንን ዳኛ ነው። የራሱን ዳኛ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሌላውን ሰው ዳኛ እያዘጋጀ መሆኑን አያስተውልም፤ ዘመን ይለወጣል፥ ወንበሩም ይዞራል። ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ ሕዝቡን ሁሉ ሰብስቦ፥ በማን ላይ ግፍ እንደ ሠራ፥ ከማን እጅ መማለጃ እንደ ተቀበለ በፊቱ እንዲመሰክሩበት ጠየቀ። ዳኛው ለመመርመር ራሱን ሰጠ፤ ሕዝቡም በእውነት መሰከረለት። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ያ ሸንጎ ከንቱ በሆነ ነበር።

በስሜን ምድር ፍርድ ያጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ነገሩን ወደ ዳኛ ማድረሱን ትቶ ጠብመንጃውን ያወርዳል፤ አንድ ድንበር ሁለት ደም ይሆናል፥ ደሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ የዳኛ ያለፈ ታሪክ የፓርቲዎች መነታረኪያ ብቻ ሆኖ ሲቀር፥ ዕዳውን የሚከፍለው በሸንጎው ያልተገኘው ገበሬ ነው።

እኛ የምንመኘው ይህን ነው። ከደባርቅ ፍርድ ቤት ተረትቶ የሊማሊሞን ቁልቁለት ይዞ ወደ ቆላው የሚመለሰው ሰው፥ ልቡ ቢያዝንም፥ ዳኛው ማን እንደ ነበረ አስቀድሞ ተነግሮት፥ ክርክሩም ተሰምቶለት የሄደ ይሁን። ቤቱ ደርሶ ሚስቱ፥ ‹‹እንዴት ሆነ?›› ብላ ስትጠይቀው፥ ‹‹ተረታሁ፤ ነገር ግን ተዳኘሁ›› ለማለት ይብቃ። ይህ ቃል ከተረታ ሰው አፍ የሚወጣባት ሀገር የጸናች ናት።