ኤሚማውያንና ወርቃማው ጉርጥ

ማውንቴን ጎትስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው አልበም ላሉት 12 ዘፈኖች ሁሉ ስም ያወጣላቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። የአልበሙም ስም ዘወትር በጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻ የምንለው፣ የሚመጣው ዓለም ሕይወት ነው። ከ12ቱ አብልጬ የምወደው «ዘዳግም 2፥10» የተባለውን ነው።

ቁጥሩ የሚናገርላቸው ኤሚማውያን ቀድሞ በሞዓብ ምድር ይኖሩ የነበሩ፣ እንደ ዔናቅ ልጆች ረጃጅም ሰዎች ናቸው፤ ኋላ ግን ጠፍተዋል። ዘፈኑ ግን ስማቸውን አያነሣም። የሚናገሩት የታዝማኒያ ነብር፣ ዶዶና የኮስታሪካው ወርቃማ ጉርጥ ናቸው፤ ሦስቱም ከምድር ጠፍተዋል።

ዘፈኑ በዚህ ቁጥር ስለ ምን ተጠራ ቢሉ፣ አንድም ተግሣጽ ነው፤ ምድርን ጠብቅ የተባለ ሰው አጠፋ ሲል።

አንድም የጠፋን በስሙ መጥራት ነው። ሙሴ ሕዝቡን ወደ ርስት ሲያቀርብ ስለ ጠፉት መናገሩ ስለምን ነው ቢሉ፣ ወራሽ ከእርሱ በፊት የነበረውን እንዳይዘነጋ። ለዚህም አብነቱ እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው፤ በቁጥር 12 ሖራውያንን፣ በ20 ዘምዙማውያንን፣ በ23 ኤዋውያንን ያነሣል። ለሰልፍ አይጠቅሙ፣ ግብር አይከፍሉ፤ ሕጉ ግን ስማቸውን ጠበቀ። የባንዱ ዘፋኝ ዳርኒየልም በዘፈኑ እንዲሁ አደረገ። የታዝማኒያው ነብር እንዳይገደል መንግሥት የከለከለው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1936 ነው፤ በሰው እጅ የነበረው የመጨረሻው በሆባርት የአራዊት ማቆያ የሞተው መስከረም 7 ቀን ነው። በመካከሉ ያለው 59 ቀን ነው። ወርቃማው ጉርጥ ደግሞ ከሞንቴቬርዴ ጉም የማይለየው ጫካ በቀር መኖሪያ አልነበረውም። በ1987 ከ1500 በላይ ታዩ፤ በ1989 አንድ ወንድ ብቻ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ያየ የለም። በዘፈኑ ይህ ጉርጥ ከጉድጓዱ ወጥቶ ብቻውን ያዜማል፣ የሚመልስለት የለም። መዝሙር 148 አራዊትንና በምድር የሚንቀሳቀሱትን ሁሉ ለምስጋና ይጠራል፤ እንግዲያስ የአንድ ፍጥረት ዜማ ሲቋረጥ ከምስጋናው አንድ ድምፅ ጎደለ። ይህን ሳስብ እጅግ አዝናለሁ። ዓለማዊ ዘፋኝ ከጥቅስ ጋር ምን አለው የሚሉ አሉ። ቃሉን ለጌጥ የሚለጥፍ ቢሆን እኔም ከእነርሱ ጋር በነቀፍሁ፤ ይህ ሰው ግን ሰባኪው ሁሉ ዘልሎ የሚያልፈውን ቁጥር ይዞ ተቀመጠበት፣ ፍሬም አወጣበት።

አንድም ስለ ሞት ነው። የዚሁ አልበም ሌላ ዘፈን «ማቴዎስ 25፥21» በካንሰር በምትሞት ሴት አልጋ ዳር የሚዘፈን ነው፤ ዳርኒየልም ዘፋኝነቱ እንጀራው ሳይሆን በፊት የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ነበረ።

አንድም ስለ ትንሣኤ ነው፤ የአልበሙ ስም ይመሰክራል።

አልበሙን የምትሰሙ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ዘዳግም ምዕራፍ 2ን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ከቁጥር 20 እስከ 23 ያለውንም አትዝለሉ።